ጎዶሎ ቁጥር

ስድስቱ አልቀው በብስኩት ቆርቆሮ
በዘይት ጨርቅ ታቅፈው ከረሙ ዘንድሮ።
አውራ ጣት ያክላሉ፤ ጎናቸው ሲታይ
አሥራ አንድ ቀለበት፣ አንዱ ካንዱ በላይ፣
ነፋስ ትኩሳቱን እንዲያነሳለት
በቶርኖ የሳሳ እንደ ወረቀት።

ሰባተኛው የለም።
ሰባተኛው ላይ ነው እጅህ ያመጸብህ፣
ኦትማር፣ አርባ ዓመት ብረት የገዛልህ።
የሚሊ መቶኛን በጣት የሚያውቅ ሰው
ሾርባውን ከማንኪያ ጭኑ ላይ አፈሰሰው።
ሐኪሙ ስም ሰጠው፤ እኔ አልጠራውም።
«በስድስት ይዙራ!» ብልህ፣ «አይዞርም»
አልከኝ፤ በእርሳስ ኮከብ ሣልክ ጋዜጣው ዳር፣
ጫፎቿን ቆጠርክ ልጅ እንደሚያስተምር፦

«አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፤
ከዚያ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት።
አንዱን አቀጣጥሎ አንዱን ይዘላል፤
የተዘለለው ግን ተራው ይደርሰዋል፣
በሁለተኛው ዙር ይጠራል በስሙ።
ቁጥሩ ሙሉ ቢሆን፣ እነዚያ የታለፉት ታልፈው በከረሙ።
ጎዶሎው ነው የሚዞር፣ ድራሁሽካ» ብለህ ዝም አልክ፣
ከጠረጴዛው ሥር እጅህን ደበቅክ።

እኔም ጥርስ ሠሪ ነኝ። ሠላሳ ክረምት
የብርኖ አሮጊቶች ለውዝ የሰበሩበት
ከእኔ ወንበር ወጣ።
የጸጉር ሲሶ እንኳ ከፍ ካለ ጥርሱ
ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ይነዘንዛል ምላሱ፤
ይህን አውቃለሁ።
ሌሊት ሌሊት ሠራሁ። ቶርኖህን ፈራሁት፣
በጥርስ መሞረጃ ነው ሆዱን ያለሰለስኩት።
ሁለቱን አበላሸሁ፤ ሦስተኛዋ ቀናች።
ቀለበቷ ግን፣ ቆጠራ ስቼ፣ አሥራ ሁለት ሆነች።
በመነጽር አየሃት፣ ወደ መብራት አዙረህ።
ምንም አላልክ። ቆርቆሮው ውስጥ አስተኛሃት፣ ከስድስቱ ደርድረህ።

እሑድ ጠዋት፣ ከወይኑ እርሻ ግርጌ ሜዳ፣
የታጨደው ሣር ላይ ጤዛው ሳይከዳ፣
ዝዲስላቫ መጣች፣ የጎረቤት ልጅ፣
ቢጫውን ድርብ ክንፍ ተሸክማ በእጅ።
«ቆይ፣ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ በእጅ ይዙር» አልካት።
ሌሊት ወደ ታችኞቹ ዘይቱ ይወርዳል፣
ሳያሟሹ ቢያስነሱት ቢየላ ይሰብራል።
ውልብልቢቱ ሲዞር በዝግታ በዝግታ
ጥቁር ዘይት ተፋ፣ ሆዱ ተፍታታ።

ሰባት ጢንጥ ካንዴላ ፍም መሰለ ቀልቶ።
ሳለ። ደግሞ ሳለ። ከዚያ ነጭ ጭስ ተፍቶ
ተነሣ!
አንድ ሲሊንደር እንዳለው እንደ ተርብ አይጮህም፤
ጎርነን ብሎ ያወራል፣ ከማንም አይጣላም።
የተቃጠለ የጉሎ ዘይት ሜዳውን ሞላው፣
የዝዲስላቫ ውሻ አስነጥሶ ሸሸው።

ሪሞቱን ከአንገትህ በማንገቻ አሰርክ።
«ልጅቷ ታብርረው» ልል ስል ቀና አልክ፤
አላልኩም።

ሮጠ፣ ሮጠና መሬቱን ለቀቀ።
ሬዲዮ ታማኝ ነው። ያዘዙትን ይዞ፣
ያላዘዙትንም፣ በአየር ተጉዞ
የጣትህን ርግብግቢት ሳይሸርፍ አደረሰው፤
ክንፉ ላይ አየሁት፣ ክንፉን አራደው።
«ነፋስ ነው» አሉ ከአጥሩ ማዶ የቆሙት።
ነፋስ የት ነበረ? የወይኑ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀ።
ሞተሩ ብቻ ነው እስኪያርፍ ድረስ ያልተንቀጠቀጠ።

አንዴ ነጥሮ አረፈ።
ተንበርክከህ ጣትህን በምራቅ አራስክ፤
ያልነደደ ካለ ቀዝቅዞ ይገኛልና
በተራቸው ነካካህ፦
አንድ፣ ጽስ። ሦስት፣ ጽስ። አምስት፣ ጽስ።
ሰባትን ዘለልካት።
ሁለት። አራት። ስድስት። ሁሉም ትኩስ።
እኔ ቆሜ የጫማዬን ጭቃ አያለሁ።

ከዚያ ተመለስክ፣ በሁለተኛው ዙር።
ምራቅ አልቀባህም። ደረቁን ጣት ጫንክባት፣
ከሚገባው በላይም ቆየህ።

«አሥራ ሁለት» አልክ፣
የተቃጠለ ጣትህን እየጠባህ።