ሦስቴ ማስደንገጥ

ሐሙስ ጠዋት ገዛሁት፣ ጀልባዎቹ ኮርኩቢዮን ሲገቡ፤
ሁለት ኪሎ ኦክቶፐስ፣ ስምንት እጅ ከነልቡ።
ሦስት ልብ አለው አሉ፤ እኔ ግን ባለአንዱ፣
በሐኪም ትእዛዝ ጨውና ጮማ ከቤቴ ተሰደዱ።

ሳቤላ ብትኖር ኖሮ ከድስቱ ባራቀችኝ፤
"ሂድ መረብህን ጠግን" ብላ በሳቀችብኝ።
በጥቅምት ሞተች። ሽንኩርት መላጥ ከዚያ ወዲህ ለመድኩ፤
መጀመሪያ ቀን ዓሣውን ትቼ መጥበሻውን አነደድኩ።

ጎረቤቴ ኡሺያ ናት ነገሩን ያስረዳችኝ፣
ሃምሳ ዓመት ባሕር ላይ የኖርኩትን እንደ ልጅ ፊደል ያስቆጠረችኝ፦
"አትደብድበው፤ በረዶ ውስጥ ሁለት ሌሊት ይደር፤
ውርጩ ጅማቱን ይፈታዋል፣ ዱላ የማይፈታውን ነገር።"

እኔ የማውቀው የአባቴን ነው፦ ከወደቡ ድንጋይ
አርባ ጊዜ ማላተም፣ ክንድ እስኪዝል፣ አረፋው እስኪታይ።
ብራይስ ባልዲ ይዞ ይቆጥራል፤ ስድስት ነበር ዓመቱ፤
ሃያ ሳይሞላ "አርባ!" ይላል፣ ቸኩሎ አንደበቱ።
መቁጠር የማይችል ደነዝ ነው ብዬ በጥፊ አጮልኩት።
ለእንስሳው አዝኖ መሆኑን አሁን ነው፣ በስተርጅና ያወቅሁት።

ጥፊውን ግን አልቆጠርኩም። የሚቆጥርልኝም አልነበረም።
መጀመሪያ ቪጎ ሄደ፣ ቀጥሎ ቢልባኦ፣ ቀጥሎ ዝም።
ለእናቱ ቀብር መጣ፤ ከኋላ ቆመ፣ እጁን ከኪሱ ከቶ፤
ሾርባዬን ሳይቀምስ ሄደ፣ የማታውን አውቶቡስ አግኝቶ።

ማክሰኞ ስልክ ጮኸ፦ "እሁድ በዚያ እናልፋለን፤ ኖኤላም አለች።"
"ማን ናት?" ልለው አፌ ላይ ነበር። ልጁ ናት።
ስድስት ዓመቷ።
ሳቤላ ታውቅ ነበር፤ ለእኔ ሳትነግረኝ ሞተች።

እንግዲህ እሁድ ነው። ውሃው ይንተከተካል፤ ጨው የለም፤
አንድ ሽንኩርት፣ አንድ የጠርሙስ ቡሽ፤ ቡሹ ለምን እንደሚጠቅም አላውቅም።
ራሱን ይዤ ነከርኩት፣ አወጣሁት፤ እጆቹ ተጠቀለሉ፤
"ሦስቴ አስደንግጠው" ብላኛለች፤ ቆዳው እንዳይላጥ ነው አሉ።
አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ እሳቱን ቀነስኩ፤
ከሦስት በላይ አይደነግጥም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።
ከሽንኩርቱ ነው።

አርባ ደቂቃ። ያው አርባ። ድስቱ ዳር ተቀምጬ ቆጠርኩ፤
እንደ ልጄ፣ ሃያው ላይ "ሞላ!" ለማለት ሞከርኩ፤
እሳት ግን አይሸወድም።
ስንጥር ሰደድኩበት፤ እንደ ቅቤ ሰርስሮ ገባ፤
ከእሳት አውርጄ ተውኩት፣ በገዛ ውሃው እንዲባባ።
እሱ ባንድ ረፋድ በሰለ። እኔ ሰባ አንድ ዓመት ፈጀሁ፤
ዳር ዳሬ ትንሽ ቢለሰልስም፣ መሐሉን ገና አልወጋሁ።

በር ተንኳኳ። ብራይስ ነው፤ ሸብቷል፤ እንዳልደነግጥ ራሴን ያዝኩ፤
ኖኤላን ልጨብጥ ጎንበስ ስል የሳቤላን አውራ ጣት ጨበጥኩ።

መቀሱን ከእጄ ተቀብሎ እንጨት ገበታ ላይ ቆራረጠ፤
ከሥሩ ድንች፤ የወይራ ዘይት ጠብ ሲል፣ በጭስ የደረቀው በርበሬ ቀለጠ።
አንዴ ጎረሰ። አኘከ። ቀና ሳይል፦ "ድንጋዩ ላይ ነው?"
"አይደለም" አልኩት። "በረዶ ነው። ጊዜ ነው።"
ቆየና፣ "ጨው የለውም" አለ። የጨው ብልቃጡን ወደ እሱ ገፋሁ፤
ዐየው፤ አልነካውም፤ ዳግም ጎረሰ። እኔም ትንፋሼን አገኘሁ።

ኖኤላ ቁርጡን በሹካ እየወጋች ትቆጥራለች ለብቻዋ፤
በርበሬ ተቀብታለች ከአገጯ እስከ አፍንጫዋ፦
"…ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አርባ!" ብላ ሹካዋን አስቀመጠች።
ልጄ ቀና ብሎ ዐየኝ። ከሹካው ላይ ድንች ወደቀች።

"ልክ ነሽ፤ ሞልቷል" አልኳት።