ከኪዳነ ምሕረት እስከ ማርቆስ

አንሙት ገና በጧት ከቄራ ይዞ መጣ፣
በፌስታል ጠቅልሎ፣ ሙቀቱ ሳይወጣ።
«መካን ናት» አለኝ፣ «ይታይሽ ናት የሸጠቻት፤
ሦስቴ አስጠቅታ፣ ሦስቴም ባዶ ሆነባት።»

የዋሸራን በግ ከውጭ ላያት ሰው
ቀንድ አልባ ናት። ሁለት ቀንዷ ከሆዷ ነው፣
እንደ አውራ በግ ቀንድ ወደ ውስጥ የዞረ፣
ለውጊያ ሳይሆን ለእንግዳ የታጠረ።

ጨው በነካው ውሃ አንደኛውን አጠብኩት፤
ባዶ።
ሁለተኛውን ቀስ ብዬ ለቀቅኩት፤
ከሳህኑ ጥቁር መደብ ላይ ወረደ
ክር። እንደ ንፍጥ የሳሳ፣ የተንጋደደ፣
ስንዝር የማይሞላ፣ ከትንፋሽ የቀለለ፤
ዐይን የለው፣ ልብ የለው፣ አንድ ቃል ግን ያለ።

ዘንዘልማ ደወልኩ። «መቼ ነው የተጠቃች?»
«በኪዳነ ምሕረት» አለች። ነፋስ ድምጿን በላት፣
ከጣና የተነሣው፣ ደንገሉን የሚያስተኛው።
በጣቴ ቆጠርኩ፤ ዛሬ ማርቆስ ነው።
አሥራ አራት። ሦስት ቀን ብትታገስ ኖሮ
አውራ አለመፈለጓ ይነግራት ነበር አንድ ነገር፣ ዘንድሮ።

ማሕፀን የራሱ ባሕረ ሐሳብ አለው።
እንግዳ ካልመጣ ቀን ቆጥሮ የሚልከው
ፕሮስታግላንዲን ይባላል፤ ደጅ ጠንቶ አይለምንም፣
ከእንቁላል ዕጢ ደርሶ ቢጫዋን መብራት ሳያጠፋ አይመለስም።
እሷ ስትጠፋ ፕሮጄስትሮን ይነጥፋል፣
ለልጅ የተነጠፈው ምንጣፍ ይጠቀለላል።

ይህ ክር ግን ቀደመ።
ገና ሳይጣበቅ፣ ግድግዳ ሳይዝ፣ እንደ ቆመ፣
ኢንተርፌሮን የሚሉትን ሹክሹክታ አፈሰሰ፤
የኦክሲቶሲንን ጥሪ የሚሰማ ጆሮ ሁሉ ተደፈነ፣
አፍራሹ መልእክተኛ ከመንገድ ተመለሰ።
(ቫይረስ ሲገባ ነው ሴል እንዲህ የሚጮኸው፤
የሕመምን ኡኡታ ተውሶ ነው
«አለሁ» የሚለው።)

እናቲቱ አላወቀች፤ ከረግረጉ ዳር ትግጥ ነበር።
ማሕፀኗ ግን ሰምቶ፣ አምኖ፣ መብራቱን አቆይቶ ነበር።
ሆድ ይፍጀው እንላለን ነገር ሲከብደን፤
ይኸኛውን ሆድ ያዘው፣
እኛ ቢላዋ ስንስል፣ በኪሎ ስንመዝን።

«እና ምን ተገኘባት?» አለች ይታይሽ።
«ምርመራው አላለቀም፣ እደውልልሻለሁ» አልኳት፣ ስሸሽ።
ዋሽቻለሁ። የሴትዮዋ ድምፅ የገዛችው ጤፍ ድምፅ ነበር፤
የልጅ ደብተር፣ የዕዳ፣ የአጥር።

ቅጹን ሞላሁ። ቁጥር ሠላሳ አንድ። ዕድሜ፣ አራት ዓመት።
ቢጫ አካል፣ በቀኝ በኩል፣ ያልከሰመ፣ ሙሉ ጤነኛ መልክ ያላት።
ፅንስ በሚለው ሳጥን ብዕሬ ትንሽ ዋለለ፤
ከዚያ ጻፍኩ፦ አለ።

ከበሩ ላይ አንሙት፣ ጋሪው እየጠበቀው፣
«ፌስታሏን መልሺልኝ» አለ።