የአርባ ስምንት ሰዓት ፈቃድ

አርባ ስምንት ሰዓት ፈቃዴን ተቀብዬ፣
የወጥ ቤቱን ብስክሌት ለምኜ፣ አባብዬ፣
ወጣሁ ከጦር ሰፈር። ሰንሰለቷ ላልቷል፣ ፍሬኗ ይጮኻል፤
ቢሆንም ከጧት ሰልፍ፣ ድንች ከመላጥም፣ እጅጉን ይሻላል።

እኔ ያደግሁበት ሳስካችዋን ሜዳ ነው፤
የባቡሩን ጭስ በሩቅ አይተን ነው
ሻይ የምንጥደው፣ ጠጥተን ጨርሰን የምንቀበለው።
እዚህ ግን መንገዱ ሐሜት ይመስላል፤
ካጥር አጥር ሥር ይሽሎከሎካል፣
ከማን እንደ ጀመረ፣ ማን ዘንድ እንደሚያልቅ ማን አባቱ ያውቃል?

መስቀለኛ መንገድ ላይ ምሰሶ ተገትሯል፤
ሁለቱን ክንዱን ከትከሻው ቆርጠውታል።
ጀርመን በጃንጥላ ድንገት ቢወርድ
አንብቦ እንዳይሄድ፣ እንዲጠፋው መንገድ።
እስካሁን አልመጣም፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ፣
ካርታ መያዝ ክልክል፣ ዝናቡም አልተወኝ።

አንዲት ሴት ጓሮዋ ባቄላ ትለቅማለች፤
በአጥሯ በር ላይ «ፔፕሎ» ተብላለች።
ያገሩን ስም ሁሉ ሲፍቁ የዋሉ
የሷን ግን ዘንግተው የሄዱ ይመስላሉ።
«ይህ መንደር፣ እሜቴ፣ ማን ይባላል?» አልኩኝ።
ከጫማ እስከ ቆብ ቀስ ብላ አየችኝ።
«መንደር ነው የሚባል።» «ካናዳዊ ነኝ።» «ይሁና፤
ጀርመንም ይለዋል፣ በደንብ ካጠና።»
ስሙን ነፈገችኝ። ጀርባዬን ሳዞር ግን ጠርታ መለሰችኝ፣
ጤዛ እንዳረፈባቸው ሁለት ፕሪም ሰጠችኝ።

ደወል ጠባቂው ሚስተር ታጅ ቤተ ክርስቲያኑን ከፈተልኝ፤
አንድ ጆሮው ፍላንደርስ ቀርቷል፣ ስለዚህ እየጮኸ አስጎበኘኝ።
የድንጋይ ባላባት ተጋድሟል በጀርባው፣
ውሻው ከእግሩ ሥር፣ ተሰብሯል አፍንጫው።
«የኛ ጦርነት አይደለም፣ የቀድሞው ነው» አለኝ፣
ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ትከሻዬን ነካኝ።

ከዚያ ወደ ማማው። ጨለማ፣ የርግብ ኩስ፣
ስድሳ ሁለት ደረጃ፣ ትንፋሽ የሚጨርስ።
ደወሉ ታፍኗል፤ የሚጮኸው ጠላት የመጣ ዕለት ነው፣
ሰርግም ቢሆን፣ ፋሲካም ቢሆን፣ ዝም ነው።
ሽማግሌው እጄን ያዘና አኖረው
ከነሐሱ ከንፈር ላይ። ቀዝቃዛ ነው።
ጣቴ ፊደል አገኘ፣ ፊደሉም ፊደል አስከተለ፤
እንደ ዓይነ ስውር ስሙን አነበብኩ። «እንግዲህ» አለ፣
«እኔ አልተናገርኩም፣ አንተም አልሰማህም፤
ደወሉም አልጮኸም፤ ማንም ሕግ አልጣሰም።»

ለእናቴ ጻፍኩላት፣ ፕሪሙን፣ ባላባቱን፣
ስሙንም፣ ሆዴ አልችል ብሎ፣ በጣቴ ያነበብኩትን።
የሻምበሉ መቀስ ስሙን አላለፈውም።

መልሷ የደረሰኝ ጥቅምት ላይ ነው፦
«ልጄ ኦርቪል፣ ደብዳቤህ መስኮት አለው፣
አንድ ቃል የሚያክል። ከምድጃው ተነሥቼ
ወደ ብርሃን ያዝኩት፣ አንድ ዓይኔን ዘግቼ።
የታጨደው ማሳ ታየኝ፣ ጎተራው፣ ከላዩም ሰማይ።
ያለህበት አገር ይህን ይመስላል ወይ?»