ደረቅ ጉድጓድ ቁጥር ሦስት

በየሦስት ሜትሩ አፈር እየዘገንሁ፣
በከረጢት ቋጥሬ ቁጥር እየጻፍሁ፣
ከሳቢያን ወዲያ ማዶ ወር ከአሥር ቀን ቆየሁ።
«ሸክላ። ግራጫ። ደረቅ።» ይህ ነበር መዝገቤ፤
ቶፊቅ ከመሰርሰሪያው፣ እኔ ከሐሳቤ።
መቶ ሰማንያ ሲሞላ ማሽኑን አጠፋ፤
ተሰልፎ የቆመው ጀሪካን ባዶውን ተደፋ።

ያወጣነው ጭቃ፣ የቁፋሮው ጥራጊ፣
ተቆልሎ ቀረ፤ የለውም ፈላጊ።
ፍየል ጀርባዋን አከከችበት፣
ልጆች ተንሸራተቱበት፣
እኔም በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞርሁበት።

ሚስራ ናት የመጣች፣ ሸክላ ሠሪዋ ሚስራ፣
ባጃጅ ተከራይታ፣ አካፋዋን አሥራ።
ቆንጠር አርጋ ቀመሰች፤ «ጨው አለው» አለችኝ፤
«ታጥቦ ነው የሚሆን» ብላ ውሃ አስገዛችኝ፤
ውሃ ለነፈገን ውሃ ስገዛለት ሳቀችብኝ።

የመጀመሪያው እሳት ነጭ ነጩን አወጣ፤
ሁለተኛው ሰነጠቀ፤
ሦስተኛው ላይ፣ የደቻቱን አሸዋ ስትቀላቅል፣ መጣ፦
ቀለሙ የድሬ ጀንበር ከዚራ ላይ ስታዘቀዝቅ፣
በጥፍር ሲነኩት እንደ ሳንቲም የሚሥቅ።

አሁን ወጥ ቤቴ ቆሜ ወለሉን አነበዋለሁ፤
ይህቺ አርባ ሁለት ትሆን? ያቺስ ዘጠና?
ከበሩ እስከ ምድጃው ጉድጓዱን እወርዳለሁ።

ትናንት ታናሿ ልጄ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋች፤
ልቆጣ አፌን ስከፍት ምላሴ ታጠፈች፤
ውሃው በመጋጠሚያው ቀስ ብሎ ሲገባ፣
ከመቶ ሰማንያ ሜትር ጥማት ጋር ሲግባባ።

መዝገቤን አወጣሁ። ከ«ደረቅ» ጎን፣ በእርሳስ፣
ቀኑን ብቻ ጻፍሁ፣ ልጄ ጨርቅ ይዛ እስክትደርስ።