ታርጋ የሌለው መኪና

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሌሊት ግንብ ወደቀ፤ ሰፈር ሁሉ ነቃ።
ኮረብታውን ደግፎ ቆሞ የኖረ ነው፣
ስድስት የኪራይ ክፍል እንዳለ ከደነው።
በስልክ መብራት ቆፈርን፣ በዶማ፣ በጥፍር፤
ዘጠኝ ሬሳ ወጣ ከመረሬው አፈር።
ሬዲዮው «ስድስት» አለ።

ወሬው የበቀለው እዚያ ላይ ይመስለኛል፤
በእጁ ዘጠኝ አውጥቶ «ስድስት» የተባለ ሰው
ከዚያ ወዲያ ማንን፣ ምን ብሎ ያምናል?

በሠልስቱ ማግስት፣ ሙኒር ጸጉር ቤት፣
ምላጭ እስኪቀየር ተወለደ መኪናው፤
ነጭ፣ ታርጋ የሌለው፣ መስታወቱ ጥቁር፣
ከግንቡ ሥር ቆሞ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
«ማነው ያየው?» ብል «የዘበኛው አማች፣ ዳቦ ቤት የሚሠራው»፤
ዳቦ ቤት ስሄድ ደግሞ «ሙኒር ነው ያወራው»።

በሳምንቱ መኪናው ሁለት ሆኖ አደረ፤
በአርባው ፈንጂ ጫነ፤
የቦታውን ካርታ የጠቀለለ ባለሀብት ጋቢና ገባ።
ዘበኛው ጉደታ ጫማ ቀየረና
ጫማው ማስረጃ ሆነ።
ሰላምታ ነሳነው።
እኔም ነሳሁት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

እኔ ግን አውቃለሁ።
ከግንቡ ጀርባ ያለው የውሃ መውረጃ
በማዳበሪያ ከረጢት ተወትፎ ነበር፤
አንዱ ከረጢት የኔ ነው፣
የሽንት ቤት ቁፋሮ፣ የጉድጓዴ አፈር።
ራቅ አድርጎ ለሚደፋ ጋሪ
ሠላሳ ብር ሳስቼ፣
በግንቦት፣ ሲመሽ፣ ጎትቼ ጣልኩት፤
ሰው ሳያየኝ፣
ታርጋ ሳይኖረኝ።

ይህን ልናገር ነበር፣ አስካለ ደጅ ሄጄ።
ድንኳኑ ከተነሳ ወር አልፎት፣ እሷ ግን
የልጇን ሹራብ ታጥባለች፣ የታጠበውን።
«ዝናብማ» አለችኝ፣
«ጎመኔንም መታው፣ የጎረቤቴንም፤
ዝናብ ሰው አይመርጥም፣ ምንተስኖትን አያውቅም።
የኔን ልጅ የገደለው የሚያውቀው ሰው ነው።
ጠላት ነበረው ማለት፣
ልጄ ሰው ነበረ ማለት ነው።»

የመጣሁበት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
ልጅሽን የበላው የጋሪ ኪራይ ነው ልበላት?
«ሞት ሰበብ አያጣም» ይላሉ ለቅሶ ላይ፤
ሰበብ የሚያጣውስ የሚቀረው ነው።
ውሃ አይከሰስም፣ ጭቃ አይረገምም፤
እጅ የሌለው ገዳይ እንቅልፍ አያስወስድም።
ሹራቡን ባንድ ጫፍ ይዤላት ጨመቅን።
ወጣሁ።

ትናንት አዲስ ተከራይ ፍራሹን ሲያወርድ
ግንቡ የነበረበትን ባዶ ቦታ አይቶ
«ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።
ማካፋት ጀምሯል።
«መኪና ነበረ» አልኩት፣ «ነጭ።»
እዚያ ላይ ዝም ብል ይበቃኝ ነበር።
«የኋላ መብራቱ» አልኩ፣
«አንደኛው አይበራም።»