ወደኋላ የሚያነሳ

ጉሌድ ካኖን ይዞ፣ ሸምሰዲን ኒኮኑን፣
ከዚራ ዛፍ ጥላ ሲጨቃጨቁ ቀኑን፣
እኔ ሌንስ ጠራጊ፣ የባትሪዎች ሞግዚት፣
የዳኝነት ወንበር ደረሰኝ በድንገት።

ጉሌድ፦ «የኔ ሲያነሳት ጠይሟን ሙሽራ፣
ፊቷ እንደ አዲስ ማር ከውስጡ አበራ፤
ያንተ ግን ጉንጯ ላይ ብጫ እየደፋባት፣
ሰርገኛው በሙሉ ወባ ጠረጠረባት።»

ሸምሰዲንም ሳቀ፦ «እንገናኝ ማታ፣
ገንደቆሬ መብራት የሄደበት ለታ፤
በአንድ ሻማ ብርሃን ሽፋሽፍት ይለቅማል።
ያንተ ግን ቀትር ላይ ሰው ሆኖ ይታመማል፤
ኬኩ ሊቆረስ ሲል ‹ሞቀኝ› ብሎ የጠፋ፣
ባለቤቱን በሰው ፊት አንገት ያስደፋ!»

ቆጠሩ፣ አሰሉ፤ ፒክሰል፣ ሰንሰር፣ ፍጥነት፤
አንድ ሌንስ ሲተመን ባጃጅ ገዛንበት።
ከጎን ሳምቡሳ ሻጯ ፈትያ ታዘበች፤
«ጥቁር ናቸው ሁለቱም፤ ጥሉ ምን ነው?» አለች።

ኦቦ ሙሜ መጣ፣ የባቡር ጡረተኛ።
ሁለቱንም በመዳፉ መዘነ፣ እንደ ብሎን፣
አገላበጠና
«ከነዚህ» አለ «የቱ ነው ወደኋላ የሚያነሳ?»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም።
«ደቻቱ የሞላ ለት ልጄን ወሰዳት፤
ግድግዳው ላይ የነበረች አንዲት ፎቶዋንም፣
ከነግድግዳው።»

ቀትር ነበር፤ ቅጠል አይነቃነቅም።
የጉሌድ ባትሪ ቀይ በራ፤ ማንም አላየው።
ሸምሰዲን የሌንሱን ክዳን ገጠመ፣ መልሶ ፈታ።
«ትመስልህ ነበር?» አለው።
«አፍንጫዋ ብቻ።»

ወደ ብርሃኑ አወጣነው፤ ኮፍያውን አወለቀ፤
አፍንጫውን አነሳን፣
በሁለቱም።