ሦስተኛው ደረጃ

ቅጹ ይጠይቃል፦ «ከምን ላይ ነው የወደቅሽ?
ከፍታው ስንት ነው? ምን ነበር የረገጥሽ?»
እናቴ ትርንጎ፣ ቀኝ እጇ በጀሶ፣
ሻይዋ ቀዝቅዞ፣ ድምፅዋ አንሶ፣
«ምኑ ይጻፋል ልጄ? ሦስት ደረጃ እኮ ነው፤
ገደል አልገባሁም፤ ሰው ምን ይላል ሲያየው?»

እኔ ግን እጽፋለሁ።

ዓርብ ነበር፣ ቀትር ላይ፣ የቂርያት ጋት ገበያ፤
ሰንበት ሊገባ ነው፣ ሰው ሁሉ በግፊያ።
ከላይኛው መደርደሪያ የሽምብራ ጣሳ
ልታወርድ ወጣች፣ ሳትቀምስ ምሳ።
መሰላሉ አሮጌ፣ አንዱ እግሩ ጎማ የለው፤
«ነገ ይቀየራል»፤ ያ ነገ መቼ ነው?
ከሥሩ የፈሰሰ የሱፍ አበባ ዘይት
ብርሃን መስሎ ተኝቷል፤ ሁሉም ሥራ አለበት።

መጀመሪያ ጣሳው፣
ቀጥሎ እሷ፣
ቀጥሎ የአጥንት ድምፅ።
የሱቁ ሙዚቃ ግን አልተቋረጠም።

«ይቅርታ» ነበረ የመጀመሪያ ቃሏ፣
በሁለት ቋንቋ፣ ተዘርግታ ባለችበት በጀርባዋ፤
ከዚያ በደህናው እጇ ጣሳ መልቀም ጀመረች፤
አጥንቷ ሲጮህባት እሷ ዝም አለች።

«ወለሉ እርጥብ ነው» የሚለው ቢጫ ምልክት
ከወደቀች በኋላ ደረሰ፤
እንደ ዘገየ ዘመድ ቆመ ከፊት ለፊት።
ሥራ አስኪያጁም መጣ፦ «ተጠንቀቂ አላልኩሽም?»
አለ፤ ወደ መሰላሉ ግን ዓይኑ አልዞረም።

ላሪሳ ብቻ ናት፣ ከአይብ ክፍል የመጣች፣
ጓንቷን ሳታወልቅ «አይቻለሁ» ያለች።
በሰባራ ዕብራይስጥ፣ ስለ ሰባራ እጅ፣
«ምስክር ነኝ» አለች እስከ አምቡላንሱ ደጅ።

ከፍታ፦ አንድ ሜትር ከሃያ። ጻፍኩት።
እናቴ ቁጥሩን አየችና ሳቀች፤ ጎኗን አመማት።
«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ደረጃ አላደግሁም፤
የወጣሁት ሦስት ነው፤ እሱም አልጸናልኝም።»

በመጨረሻ ፊርማ።
የዕብራይስጡን ፊርማ የለመደው ቀኙ ነበር።
ግራ እጇ ግራ ገብቶት፣
ከወረቀቱ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ቆሞ፣
ትርንጎ ብሎ ጻፈ፣ በእኛው ፊደል፣
አንዱ ባንዱ ተደግፎ፣ ሁሉም አዘምሞ፤
አንዱም ግን አልወደቀ።

የቢሮው ሰው ምናልባት «አይነበብም» ይል ይሆናል።
ይበል።
እኔ አንብቤዋለሁ።